ተራው ወታደር የት ነው የሚተኛው? የሜሪላንድ ምሽጎች የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ ፎርት ዋሽንግተን

አጎቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው እኛ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ከርመዋል። ኋይት ሀውስን ከአጥሩ ውጭ ሆነው አይተዋል፣ ሊንከን እግር ሥር ፎቶ ተነሥተዋል፣ የሐበሻ ሱቆቹን አንድ ባንድ ዞረው የበርበሬ ዋጋ ሲያወዳድሩ ሰነበቱ። ሙዚየም አይወዱም። "የሞተ ሰው ዕቃ በመስታወት ሲያዩት ምን ይረባል?" ይላሉ። የጦር ምሽግ ላሳይዎት ስላቸው ግን ወዲያው ኮፍያቸውን ፈለጉ። ጋሼ በንጉሡ ጊዜ ተቀጥረው ሐረር፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ያገለገሉ፣ በኋላም በሃምሳ አለቃነት የተሰናበቱ ሰው ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ የምጽፈው የኔ ዓይን ብቻ ያየውን አይደለም። ግማሹ የሳቸው ነው።

(ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።)

ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ቅርብ ካለው ጀመርን። ፎርት ዋሽንግተን ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ማውንት ቬርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ነው። መንገዱ የዓርብ ትራፊክ ስለነበረው ልንደርስ ስንል ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን በእንጀራ ጠቅልዬ ይዣለሁ፣ መኪናው ውስጥ ጨረስነው።

የዚህ ምሽግ ታሪክ ጋሼን በጣም አስቋቸዋል። አሁን ያለው በ1824 ያለቀው ነው። ከሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ በ1809 የተሠራ ሌላ ነበረ። እንግሊዞች በነሐሴ 1814 ዋሽንግተን ከተማን ካቃጠሉ ከሦስት ቀን በኋላ መርከቦቻቸው በወንዙ ሽቅብ ሲመጡ፣ አዛዡ ሻምበል ሳሙኤል ዳይሰን ምሽጉን በራሱ ባሩድ አፈንድቶት ወታደሮቹን ይዞ ወጣ። ጦር ፍርድ ቤት ቀርቦም ከሠራዊቱ ተባረረ። ጋሼ "ስንቃቸውን ግን ይዘው ወጥተዋል?" አሉ። ይህን የትም አላነበብኩም።

በደረቁ ቦይ ላይ ባለው ድልድይ አልፋችሁ በትልቁ በር ስትገቡ፣ በግራና በቀኝ የዘበኞች ክፍል አለ። ከዚያ ሣር የለበሰ የሰልፍ ሜዳ ይቀበላችኋል። በሜዳው አንድ ወገን የመኮንኖቹ ቤት፣ ትይዩው ደግሞ የተራ ወታደሩ መኖሪያ። ሰው ሁሉ ወደ መድፉና ወደ ወንዙ እይታ ነው የሚሮጠው፣ እኔም ወደዚያው ልመራቸው ስል ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። ሜዳው መሀል ቆመው ሁለቱን ሕንፃዎች እያፈራረቁ ያያሉ።

"መኮንኑ እዚህ ከሆነ፣ ተራው ወታደር እዚያ ማዶ ነዋ። ስንት ሆነው ነው በአንድ ክፍል የሚተኙት?"

እውነት ለመናገር ምሽግ ሳይ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። ግድግዳው ስንት ጫማ ነው፣ መድፉ ስንት ማይል ይመታል፣ ነው የምንለው። እሳቸው ግን ወዲያው ወደ አልጋው ሄዱ። ቅዳሜና እሁድ የተጓዝነው ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ነው።

ሲመሽ ወንዙ ዳር ካለችው ትንሽ የመብራት ቤት አጠገብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን አይተን ተመለስን። ስለ ፎርት ዋሽንግተን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ለሽርሽርና ለነፋስ ግን ቆንጆ ቦታ ነው።

ቅዳሜ፣ ፎርት ማክሄንሪ

ባልቲሞር ጠዋት ገባን። ፎርት ማክሄንሪን ከላይ ብታዩት አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። በ1790ዎቹ መጨረሻ ዣን ፎንሰን የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በነደፈው ንድፍ ተጀመረ። ስሙ የዚያን ጊዜው የጦር ሚኒስትር፣ የጄምስ ማክሄንሪ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ግጥም የተጻፈው ይህ ምሽግ ሲደበደብ ስለሆነ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለባንዲራው ነው የሚመጣው። እኛ ለአልጋው።

ከውጭ ሰፊ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይገርማችኋል፣ ጠባብ ነው። በአንዲት ግቢ ውስጥ የአዛዡ ቤት፣ የባሩዱ ግምጃ ቤት፣ የበታች መኮንኖች ቤትና ሁለት የተራ ወታደር መኖሪያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በረንዳ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤቶች ናቸው። በ1814 ግን ፎቁም በረንዳውም አልነበረም። እሱ የተጨመረው ከ1829 ጀምሮ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ዝቅ ያለ ቤትና ከጣሪያው ሥር ያለች ቆጥ መሰል ቦታ ነው።

የወታደሮቹ ክፍል ስንገባ ጋሼ ዝም አሉ። ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ አንድ የእሳት ምድጃ፣ ከጣውላ የተመታ ተደራራቢ አልጋ። ፍራሹ ገለባ የተሞላ ጆንያ ነው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ወታደር ብቻውን አይተኛም ነበር፣ ሁለት ሁለት ሆነው ነው በአንድ ጣውላ ላይ የሚያድሩት፣ ላይና ታች ሲቆጠር አንዱ አልጋ አራት ሰው ይይዛል ማለት ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን የብረት አልጋ ወደ ሠራዊቱ በስፋት የገባው ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ነው። ጋሼ በእጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ለኩ። አንድ ስንዝር፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄዱና ቀና አሉ።

"አጠገቤ የሚያንኮራፋ ከመደቡብኝ እኔ እንግሊዝ እስኪመጣ አልጠብቅም" አሉ።

ከኋላችን የነበረ አንድ ፈረንጅ ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። እሱም ወታደር ነበርኩ አለ። ከዚያ ሁለቱ በምልክት ስለ ትኋን ሲነጋገሩ ቆዩ። ትኋን ደግሞ በምልክት ሊነገር የሚችል ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ስለ ገለባው ትንሽ ልበል። በ1861 የወጣው የሠራዊቱ ደንብ ለአንድ ሰው በወር 12 ፓውንድ ገለባ ለመኝታ ይፈቅዳል፣ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። አምስት ኪሎ ገለባ ስትሰሙት ብዙ ይመስላል። ሰው ተኝቶበት ሳምንት ካለፈው ግን አመድ ነው የሚሆነው። ጋሼ "እኛ እንኳ ፍራሽ ነበረን" አሉ፣ በኩራት።

ቀለቡስ? በ1802 በወጣው ሕግ ለአንድ ወታደር በቀን አንድ ፓውንድ ከሩብ የበሬ ሥጋ (ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው) ወይም ሦስት ሩብ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፣ 18 አውንስ ዳቦ ወይም ዱቄት፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ሩም፣ ዊስኪ ወይም ብራንዲ ይሰጠው ነበር። ጨው፣ ኮምጣጤ፣ ሳሙናና ሻማ የሚሰፈረው በመቶ ሰው ነው። ለመቶ ቀለብ 4 ፓውንድ ሳሙና! ጋሼ ሳሙናው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አረቄው ላይ ግን ቆም አሉ። "በየቀኑ? በመንግሥት ወጪ?" የኛን ኮቾሮ አስታወሱ። ኮቾሮን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጥርስ የሚፈትን ደረቅ የወታደር ብስኩት ነው።

አንድ ሰው የማያነሣው ነገር ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ያው ሕግ ለአንድ ሻምበል ጦር አራት ሴቶችን ይፈቅዳል፣ ልብስ አጣቢዎች። እያንዳንዳቸው እንደ ወታደሩ አንድ ቀለብ ይቆረጥላቸዋል፣ የእጥበቱን ገንዘብ ደግሞ ከወታደሮቹ ይቀበላሉ። ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች ነበሩ። እንግዲህ እነዚህ ግቢዎች ውስጥ የሕፃን ለቅሶም ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት። መስከረም 13 ቀን 1814 ጠዋት የእንግሊዝ መርከቦች መደብደብ ጀመሩ፣ 25 ሰዓት ያህል ቆየ። ከ1,500 እስከ 1,800 የሚደርስ ቦምብ ተኮሱ። መርከቦቹ ከምሽጉ መድፍ ክልል ውጭ ቆመው ስለነበር አዛዡ ሻለቃ ጆርጅ አርሚስቴድ መልስ መስጠት እንኳ አልቻለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ መቀበል ነው። ምሽጉ ውስጥና ዙሪያውን ወደ 1,000 ሰው ነበረ። ያቺን ግቢ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ የት አስተኙት ማለቱ አይቀርም። አላስተኙም። መኖሪያዎቹ ቦምብ የሚችል ጣሪያ ስላልነበራቸው የብዙዎቹ መጠለያ ከግንቡ ውጭ ያለው ቦይ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ወረደባቸው። አንድ ቦምብ የባሩዱን ግምጃ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ፣ ግን ሳይፈነዳ ቀረ። ቢፈነዳ ኖሮ ዛሬ የምንጎበኘው ምሽግ ባልኖረ ነበር። ጋሼ ግምጃ ቤቱንና የወታደሩን መኝታ በዓይናቸው ለክተው "ባሩዱን ከሰው አጠገብ ማን አስቀመጠው?" ብለው ተቆጡ፣ ልክ ኃላፊው እኔ የሆንኩ ይመስል።

የሞቱት አራት፣ የቆሰሉት 24 ናቸው። ከሟቾቹ ውስጥ ሌዊ ክላገትና ጆን ክሌም የሚባሉ የባልቲሞር ነጋዴዎች አሉበት፣ በዳኛ ጆሴፍ ኒኮልሰን በሚመራው የበጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ የነበሩ። ዳኛውም ነጋዴውም ከደመወዝተኛው ወታደር ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ አደሩ።

እኔን የያዘኝ ግን የዊልያም ዊልያምስ ነገር ነው። እውነተኛ ስሙ ፍሬድሪክ ሆል ነው። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ባሪያ ነበረ፣ አዎ፣ ዛሬ ስንት የኛ ሰው ቤት የገዛበት ካውንቲ። በ1814 ጸደይ ላይ ጠፋና ስሙን ቀይሮ በ38ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ተቀጠረ። ሕጉ ባሪያ ወታደር እንዲሆን አይፈቅድም ነበር። መልማዩ ግን አልጠየቀም፣ ወይም መጠየቅ አልፈለገም። መቀጠሪያ 50 ዶላር ተሰጠው፣ ደመወዙ በወር 8 ዶላር ነበረ። በድብደባው ጊዜ እግሩ ተቆረጠና ከሁለት ወር በኋላ ባልቲሞር ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ጀግንነቱን ነው የሚያጎሉት። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ ያሳለፋቸውን ወራት ነው የማስበው። ከሰው ጋር በአንድ ጣውላ ላይ እየተኙ፣ በሐሰት ስም እየተጠሩ፣ በእንቅልፍ ልብ እውነተኛ ስም እንዳያመልጥ እየፈሩ ማደር እንዴት ያለ ነው?

ከሰዓት በኋላ የፓርኩ ሠራተኞች ባንዲራ ሲያጥፉ ጎብኚውን ለእርዳታ ይጠሩታል። ዋናው የ1814ቱ ባንዲራ 30 በ42 ጫማ ነበር። ባልቲሞር ውስጥ ሜሪ ፒከርስጊል የምትባል ሴት ናት የሰፋችው፣ አሁን ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለ። ምሽጉ ላይ በቅጂው ነው የሚሠሩት። ጋሼ ጠርዙን ይዘው ከሕፃናቱ ጋር ሲያጥፉ፣ አንድ ልጅ ሣሩ ላይ ሊጥለው ሲል እንዴት እንደቆጡት! በአማርኛ። ልጁም ገባው።

ከመውጣታችን በፊት መግቢያው አጠገብ ያሉትን የእስር ክፍሎች አየን። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ምሽጉ እስር ቤት ሆኖ ነበር። የባልቲሞር ከንቲባም እዚህ ታስሯል። ፍራንክ ኪ ሀዋርድ የተባለ ጋዜጠኛም በመስከረም 13 ቀን 1861 ተይዞ መጣ። የመዝሙሩ ደራሲ የፍራንሲስ ስኮት ኪ የልጅ ልጅ ነው። ቀኑን አያችሁት? ድብደባው በተጀመረበት ዕለት፣ ልክ በ47 ዓመቱ። አያቱ "አሁንም አለ ወይ?" ብሎ በናፍቆት ያየውን ባንዲራ እሱ ከታሰረበት አየው። ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ደግሞ ወደ 7,000 የሚጠጋ ምርኮኛ እዚህ ተከማችቶ ነበር። ስለ መኝታው ማሰብ አልፈለግሁም።

እሁድ፣ ፎርት ፍሬድሪክ

ቅዳሴ ሳያስቀድሱ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የተነሣነው ከቀትር ወዲህ ነው። በ270 አውራ ጎዳና ሽቅብ፣ ፍሬድሪክ ከተማን አልፈን በ70 ወደ ምዕራብ፣ ሄገርስታውንን ትተን በመውጫ 12 ቢግ ፑል ላይ ወረድን። ከተማው ሲያልቅ ጋሼ ተነቃቁ። በቆሎና ከብት ሲያዩ ወሬያቸው ይጨምራል።

ፎርት ፍሬድሪክ ከሁለቱም ይበልጣል፣ በኔ ሚዛን። ዕድሜውም ይቀድማል። በ1756 ሜሪላንድ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ገዥው ሆራሺዮ ሻርፕ ከፈረንሳዮችና ከነባር ሕዝቦች ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ አሠራው። በዚያ ዳር አገር ሌላው ምሽግ ሁሉ የእንጨት አጥር ነበር፣ እሱ ግን እሳት አይበላውም ብሎ በድንጋይ አደረገው። አራት ማዕዘን ነው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ወደ ውጭ የሾሉ ጎኖች አሉት። ግንቡ ከአምስት ሜትር በላይ ይቆማል። ውስጡ ባዶ ሜዳ፣ ሜዳው ዳርና ዳር ላይ ሁለት ረጃጅም የእንጨት ቤቶች። እነዚህ ናቸው የወታደሮቹ መኖሪያዎች።

ቤቶቹ የድሮዎቹ አይደሉም። የድሮዎቹ ጠፍተዋል። መሠረታቸው ቀደም ሲል ተቆፍሮ ተገኝቶ ነበርና በ1970ዎቹ በዚያው ላይ እንደገና ተሠሩ። እንዲህ ያለ ነገር የማይወድ ሰው አለ፣ "ኦሪጅናል አይደለም" የሚል። እኔ አልስማማም። ፎርት ማክሄንሪ ውስጥ ያለው ጡብ እውነተኛ ነው፣ ግን ከገመድ ወዲህ ቆመህ ነው የምታየው። እዚህ ደግሞ ወለሉ ሲንቋቋ ትሰማለህ፣ የምድጃው ጥላሸት ልብስህን ይነካዋል፣ የጣውላ አልጋው ከፊትህ ነው፣ በሩን ስትዘጋው ክፍሉ ምን ያህል እንደሚጨልም ይገባሃል። ጋሼ በሩን ዘጉት። መስኮቷ ትንሽ ናት። እሳት ባይኖር ኖሮ ሰው ሰውን የሚያየው በድምፅ ነው።

"ይሄ ክፍል ክረምት ላይ ጥሩ ነው። ሰው ሰውን ያሞቃል። በጋ ላይ ግን ውጭ ነው የምተኛው" ብለው ፈረዱ።

በ1763 የነባር ሕዝቦቹ አመፅ ሲነሣ ወደ 700 የሚሆኑ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው እዚህ ግንብ ውስጥ ተጠለሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሽንት ቤቱስ?" በአብዮታቸው ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን ምርኮኞች ማቆያ ሆነ። አንድ የጦር ምሽግ መድፍ ሳይፈትነው ይህን ሁሉ ሰው ማሳደሩ ይገርማል።

ከዚያ መንግሥት በ1791 ሸጠው፣ እርሻ ሆነ። በ1860 ኔተን ዊልያምስ የሚባል ነፃ ጥቁር ገበሬ ገዛው። (ከባልቲሞሩ ዊልያምስ ጋር ዘመድ አይደሉም፣ ጋሼም ወዲያው ጠይቀውኝ ነበር።) እስቲ አስቡት፣ ባርነት ገና ሕጋዊ በሆነበት ግዛት ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ሰው የቅኝ ገዥውን ምሽግ ገዝቶ ያርሳል። በዓመቱ ጦርነቱ ሲነሣ የፌዴራል ወታደሮች መጥተው ሰፈሩበት፣ ለመድፍ ብለው ግንቡን ነደሉት። ቤተሰቡ ግን እስከ 1911 ይዞት ኖረ። የሜሪላንድ ግዛት መልሶ የገዛው በ1922 ነው።

ጋሼን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኛቸው የመጨረሻው ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ሥራ ጠፍቶ ሰው ሲራብ፣ የሩዝቬልት መንግሥት ወጣቶችን ሰብስቦ በየጫካውና በየፓርኩ አሠራቸው። የፈራረሰውን ይህን ግንብ ጠግነው ያቆሙት፣ የመኖሪያዎቹንም መሠረት ቆፍረው ያገኙት እነሱ ናቸው። የሚያድሩት በሠራዊቱ የሚተዳደር ካምፕ ውስጥ ነበር፣ እንደ ወታደር በአንድ አዳራሽ አልጋ ተደርድሮላቸው። በወር የሚከፈላቸው 30 ዶላር ነው፣ ከሱ ላይ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል።

"25ቱን ለእናት?" አሉ ጋሼ።

"25ቱን።"

"በግድ?"

"በግድ።"

ዞር ብለው አዩኝ። ምን ማለት እንደፈለጉ ስለገባኝ ወሬ ቀየርኩ፣ ወደ መኪናው ስንሄድም ስለ ምንዛሪ አላነሣሁም።

መሄድ ለሚፈልግ፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ፎርት ፍሬድሪክን ነው የምለው። ግን የመኖሪያ ቤቶቹ በሮች ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ክፍት ስላልሆኑ ከመነሣታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ። ምሳ ከቤት ያዙ፣ አካባቢው ላይ ምግብ ቤት የለም ማለት ይቀላል። ውሃም ያዙ። ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የጥያቄ መልስ አዘጋጁ፣ በተለይ ስለ ሽንት ቤቱ።